207 ብሎ የጻፈው ልጅና የቆርኪው ነገር

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ያለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት። ሁለተኛ ክፍል። እኔ ከኋላ፣ ለትልቅ ሰው ጉልበት ባልተሰራ ዴስክ ላይ ተጣጥፌ ተቀምጫለሁ። ዕጩ መምህርቷ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። ፕራክቲከም ላይ፣ ማለትም የማስተማር ልምምድ ላይ ናት፤ እኔ ደግሞ አሰልጣኟ ነኝ፣ ላያት ነው የመጣሁት።

«ሃያ ሰባት ጻፉ» አለች።

ከፊቴ ያለው ልጅ እርሳሱን ጨበጠ። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጎ 207 ብሎ ጻፈ። አጠገቡ ያለችው ሰረቅ አድርጋ አየችውና የራሷን 27 በላጲስ አጥፍታ 207 አደረገችው።

ግድግዳው ላይ ዕጩ መምህርቷ ይዛው የመጣችው የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ ተሰቅሏል። ታጥቦ የጸዳ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ከ1 እስከ 100 በዘይት ቀለም ተጽፎበታል፣ ጠርዙን አበባ ዞሮታል። ቆንጆ ነው። አራት ማታ እንደፈጀባት በኋላ ነገረችኝ። 27ም እዚያው አለ፣ በቀይ። ልጁ ግን ዞር ብሎም አላየውም። ቢያየውም «ሃያ ሰባት» የሚለው ድምፅ ለምን 27 ተብሎ እንደሚጻፍ ጆንያው አይነግረውም።

አራቱ ማታ የት ገባ? ዕጩ መምህራን መርጃ መሣሪያ መስራትን እንዴት ይማራሉ፣ እንዴትስ ቢማሩ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ለእኔ ከዚህ ይጀምራል።

መጀመሪያ ስህተቱን እንየው፤ ደስ የሚል ስህተት ነው። «ሃያ» 20 ነው። «ሰባት» 7 ነው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ 207። ልጁ የሰማውን ነው የጻፈው። አማርኛ በቁጥር ላይ ሐቀኛ ቋንቋ ነው፤ «አስራ አንድ»፣ «አስራ ሁለት» ብሎ አስሩንና ትርፉን ለይቶ ይናገራል። እንግሊዝኛ «ኢለቨን»፣ «ትዌልቭ» ብሎ ይደብቀዋል። ይህ ግልጽነት የእኛን ልጆች ቁጥር ሲቆጥሩ ያግዛቸዋል፣ ሲጽፉ ደግሞ ያሳስታቸዋል።

አሁን ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር እዩት። ሃያ ሰባተኛው ቀን በግዕዝ ፳፯ ነው። ፳ ማለት ሃያ፣ ፯ ማለት ሰባት። ዜሮ የለም። ፳ የትም ብትቀመጥ ሃያ ናት፤ ዋጋዋን ይዛ ነው የምትዞረው። በምንማርበት ቁጥር ግን 2 ራሷ ሁለት ብቻ ናት፤ ሃያ የሚያደርጋት ወንበሯ ነው። ልጁ በግዕዙ አስቦ በዚህኛው ጻፈ። እንዲህ ስትረዱት «ተሳስቷል» ብሎ ኤክስ ማድረግ ትንሽ ያሳፍራል።

ስህተቱ ከገባን መሣሪያው ራሱ ይመጣል። ከካርቶን ሁለት ካርዶች ቁረጡ። ረጅሙ ላይ 20 ጻፉ። ሁለተኛው የረጅሙ ግማሽ ይሁንና 7 ጻፉበት። አጭሩን ካርድ በረጅሙ ቀኝ ጫፍ ላይ፣ በዜሮዋ ላይ ደርቡት። 27 ሆነ። አንሱት፤ ዜሮዋ ከስር ብቅ ትላለች። አለቀ። ወጪው ከሱቅ የተለመነ አንድ የብስኩት ካርቶን ነው።

ያንን ልጅ በእረፍት ሰዓት ጠርተን ካርዶቹን ሰጠነው። ደረበ፣ አነሳ፣ ደረበ። «ዜሮዋ የት ሄደች?» አለችው ዕጩዋ። «ተሸፍናለች» አላት፣ እንዴት ይሄ ይጠየቃል በሚል ፊት። ከዚያ ደብተሩን ገለጠና 207ን ራሱ ሰረዘው።

ይህ ካርድ የእኔም የእሷም ፈጠራ አይደለም። በብዙ አገር ያሉ መምህራን ይጠቀሙበታል። እሷ የፈጠረችው የትኛው ልጅ፣ በየትኛው ቀን እንደሚያስፈልገው ማየቷን ነው። እኔ ለዕጩዎቼ ፈጠራ የምለው ይሄንን ነው።

ብዙውን ጊዜ ታዲያ የምናስተምረው በተቃራኒው ነው። «አንድ መርጃ መሣሪያ ሰርታችሁ አምጡ፣ ከሃያ ይያዛል» እንላለን። የትኛው ክፍል? ምን ያልገባው ልጅ? አይጠየቅም። ዕጩው ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ቀላል ነው። እጁ ለስዕል የሚታዘዝ ከሆነ ይስላል፣ ካልሆነ ሰፈር ውስጥ ላለ ታፔላ ጸሐፊ ከፍሎ ያሰራል። ማርክ መስጫው ላይ «ማራኪነት»፣ «ንጽሕና»፣ «ዘላቂነት» የሚል አለ። «ልጁ በእጁ ምን ያደርግበታል?» የሚል የለም። ስለዚህ ለአሰልጣኙ ዓይን የተሰራ ዕቃ ይመጣል። ይህንን የምለው ለዓመታት እኔም በዚያው ወረቀት ስላረምኩ ነው።

ማዳበሪያውን ግን አልናቅሁም፤ ላስረዳ። ጆንያው አይቀደድም፣ ይታጠባል፣ ተጠቅልሎ ታክሲ ውስጥ ይገባል፣ ከፍሊፕቻርት ወረቀት ዕድሜው ይረዝማል። የፊደል ገበታና ካርታ ለመስራት ከእሱ የተሻለ የለም። ችግሩ ለማየት ብቻ መሆኑ ነው። ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ ደግሞ ከማየቱ በፊት መንካት አለበት።

ጀሮም ብሩነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1960ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ይህንን በሦስት ከፍሎ አስቀምጦታል። ሰው አንድን ነገር በድርጊት ይይዘዋል፣ ከዚያ በምስል፣ ከዚያ በምልክት። 27 የሚለው ምልክት ነው፤ መጨረሻው። ጆንያው ላይ ያለውም ምልክት ነው፣ አበባው ምስል አያደርገውም። ድርጊቱ የታል?

ድርጊቱ ቆርኪ ነው። አስር ቆርኪ በሚስማር ትበሱና በሲባጎ ትሰኳቸዋላችሁ። ሁለት ገመድና ሰባት ልቅ ቆርኪ፣ ሃያ ሰባት። ልጁ 34 ከ27 እንደሚበልጥ በእጁ ክብደት ያውቀዋል። ከ32 ላይ 5 ቀንስ ስትሉት ልቁ ሁለት ብቻ ስለሆነ አንዱን ገመድ መፍታት አለበት። «ተበደር» ሲባል ያደነቆረን ነገር ይኸው ነው፣ ገመድ መፍታት። የለስላሳ ቆርኪ ጠርዙ ስለት አለው፤ ለትናንሾቹ የሃይላንድ ክዳን ይሻላል፣ በጋለ ሚስማር ይበሳል። የሚበሳው ግን መምህሩ ይሁን።

ሌላ የምወደው የእንቁላል መያዣ ነው። የሠላሳ እንቁላል ካርቶን አምስት በስድስት ነው። ሁለት ሁለት ረድፍ አድርጋችሁ ብትቆርጡት ሦስት ባለ አስር ጉድጓድ ይወጣዋል። ሰባት ባቄላ አስገቡበት። ሦስት ባዶ ይቀራል። ሰባት ለአስር ሦስት እንደሚጎድለው ማንም መናገር የለበትም፤ ባዶው ይታያል። ገበጣ የተጫወተ ልጅ ካለ ደግሞ ነገሩን ከእናንተ በፊት ይደርስበታል።

እዚህ ላይ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ልንገራችሁ። ዕቃው በጣም ሲያምር ትምህርቱን ሊያደናቅፍ ይችላል። ጁዲ ዴሎሽ የተባለች ተመራማሪ በ1987 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ያሳተመችው ሙከራ አለ። ትንሽ የክፍል ሞዴል ሰራች፤ ሶፋው፣ ትራሱ፣ ሁሉ ነገር ያለው። ትንሽ አሻንጉሊት ሞዴሉ ውስጥ ስትደብቅ ልጆቹ ያያሉ። ከዚያ ትልቁ አሻንጉሊት በእውነተኛው ክፍል ተመሳሳይ ቦታ ተደብቋል፣ ፈልጉት ትላቸዋለች። የሦስት ዓመት ልጆች በቀላሉ አገኙት። ሁለት ዓመት ተኩል የሆናቸው አልቻሉም። ሞዴሉ ለእነሱ መጫወቻ ነው እንጂ የሌላ ነገር ምልክት አይደለም። የሚገርመው ኋላ የመጣው ነው። ሞዴሉን ከመስታወት ጀርባ አድርጋ እንዳይነኩት ስትከለክል ትናንሾቹ ተሻሻሉ። የሦስት ዓመቶቹን ደግሞ አስቀድማ በሞዴሉ ስታጫውታቸው ባሰባቸው።

«ልጅ ካልነካ አይማርም» ካልኩ በኋላ ይሄ የሚጋጭ ይመስላል። አይጋጭም። መንካቱ ከሐሳቡ ጋር ከተያያዘ ያስተምራል፤ ዕቃው ለራሱ አጓጊ ከሆነ ዓይን ይዞ ይቀራል። ቆርኪ ለቁጥር የሚመቸው ማንም ስለ ቆርኪ ስለማይደነቅ ነው። የፕላስቲክ ዳይኖሰር ብታስቆጥሩ ግማሹ ክፍል ያጓራል።

እንግዲህ ዕጩዎቹን እንዴት እናለማምዳቸው? እኔ አሁን የማደርገውን ልናገር፤ ሌላው የተሻለ ካለው ይጨምርበት።

የመጀመሪያው ሳምንት ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። መርጃ መሣሪያ ክልክል ነው። ደብተር ይዘው ከኋላ ይቀመጡና የልጆችን ስህተት ይለቅማሉ። «ያልገባቸው» ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ ልጁ የጻፈውን ወይም ያለውን ቃል በቃል። «102 ለአስራ ሁለት።» «ግማሽ ማለት ትንሽ ማለት ነው።» «ጨረቃ ትከተለናለች።» ይህ ከባዱ ክፍል ነው። ዕጩዎቹ ይሰለቹታል። «መምህር፣ መቼ ነው የምንሰራው?» ይሉኛል። እየሰራችሁ ነው እላቸዋለሁ፤ አያምኑኝም።

ከዚያ ከለቀሙት አንዱን መርጠው በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ እዚያው ካለ ዕቃ፣ ረቂቅ ይሰራሉ። አንድ ሰዓት የምለው ለክፋት አይደለም። አራት ማታ የለፉበትን ነገር ማንም «አልሰራም» ብሎ አይጥለውም፤ ይከላከልለታል። በሰዓት የተሰራ የካርቶን ቁራጭ ግን ለመቅደድ አያሳዝንም።

ከዚያ ሙከራው። እዚህ ጋ ማይክሮቲቺንግ የሚባለው አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ዘዴ ነው። ዕጩው ለጥቂት ተማሪዎች፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ አንድ ነገር ብቻ ያስተምራል፤ ይተቻል፤ አሻሽሎ ደግሞ ያስተምራል። ጎበዝ ዘዴ ነው። እኛ ግን ተማሪዎቹን በዕጩ ጓደኞች ተክተናቸዋል። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነኝ ብሎ ይቀመጣል። ሃያ ሰባት ጻፍ ሲሉት 27 ይጽፋል! ሲሳሳትም ጓደኛው የጠበቀውን ስህተት ነው የሚሳሳትለት። ስለዚህ ረቂቁ እውነተኛ ልጆች ጋ ይሂድ። አራት አምስት ልጅ፣ በእረፍት ወይም በተቃራኒው ፈረቃ፣ አስር ደቂቃ ይበቃል።

በዚህ ሙከራ የዕጩው ሥራ ዝም ማለት ነው። መሣሪያውን ሰጥቶ እጃቸውን ያያል። ልጁ ካርዱን ገልብጦ ከያዘው፣ ካርዱ ነው የተበላሸው።

አንዱ ዕጩዬ በፊደል ላይ የደረሰበትን ላሳያችሁ። አንደኛ ክፍል ገብቶ የለቀመው ስህተት ሁላችንም የምናውቀው ነው። «ቢ» የምትለዋን ጠቁሞ «ይህቺ ማን ናት?» ሲል ልጅቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች «በ፣ ቡ፣ ቢ... ቢ!» ትላለች። ዘፈኑን ነው የምታውቀው፣ ፊደሉን አይደለም። 33ቱን ፊደላት በሰባት አባዝተን 231 የምታህል ሠራዊት በዜማ እናስሸመድዳለን፤ አንዷ ከሰልፉ ስትወጣ ግን አትታወቅም።

ዕጩው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ለጥራዝ የሚሆነውን አሳላፊ ፕላስቲክ ገዛ። ትናንሽ አድርጎ ቆረጠው። አንዱ ላይ በማርከር አንዲት አጭር ጭረት ብቻ አሰመረ፤ ቀኝ ጎን መሐል ላይ የምትወጣውን። ካርቶን ላይ በ፣ ለ፣ ሰ፣ ከ ጻፈ። ፕላስቲኩን «በ» ላይ ሲያደርጉት ቡ። «ለ» ላይ ሉ። ሱ። ኩ። ልጆቹ ጮኹ። ሌላ ፕላስቲክ፣ እግሯ ላይ ክብ ያላት፣ ቤ፣ ሌ፣ ሴ፣ ኬ። ካዕብና ኃምስ ማለት ምን እንደሆነ ማንም ስሙን ሳይጠራላቸው ገባቸው።

ከዚያ አንዷ ፕላስቲኩን ወስዳ ሰሌዳው ላይ ያለው «ረ» ላይ ለጠፈችውና «ይሄ ሩ አይደለም፣ ተበላሽቷል» አለች። እውነቷን ነው። የሩ ጭረት ቦታው ሌላ ነው። ሳድሱ ደግሞ ጭራሽ አንድ ሕግ የለውም፤ ብ፣ ል፣ ም፣ ር እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ሄደዋል። ዕጩው ደነገጠ፣ መሣሪያው የከሸፈ መሰለው። እኔ ደግሞ ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ሕጉን አግኝታ፣ ሕጉ የማይሰራበትን ነጠለች እኮ! በሚቀጥለው ቀን «እምቢተኞች» የሚል ሣጥን አዘጋጀ፤ ልጆቹ ሕጉን የማይከተሉ ፊደላትን እየለቀሙ ይጨምሩበታል።

እያንዳንዱ ሞዴል የሆነ ቦታ ላይ ይዋሻል። ይህንን ለሳይንስ ዕጩዎች አጥብቄ እነግራለሁ። ታዋቂዋን የሳንባ ሞዴል ታውቋታላችሁ። የሃይላንድ ጠርሙስ ታቹ ይቆረጣል፤ በክዳኑ የእስኪርቢቶ ቀፎ ይገባል፣ ጫፉ ላይ ፊኛ ይታሰራል፤ በተቆረጠው በኩል ሌላ የተቀደደ ፊኛ ይወጠራል። የታችኛውን ወደ ታች ስትስቡት ውስጥ ያለው ፊኛ ይነፋል። ቦታው ስለሰፋ የውስጡ ግፊት ቀነሰ፣ የውጭው አየር ገባ። ድያፍራም፣ ከሳንባ ስር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የሚሰራው ይህንኑ ነው። አየር ስለገባ ደረት ሰፋ ብለው ለሚያስቡ ልጆች ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ደረት ስለሰፋ ነው አየር የገባው።

ውሸቷስ? ሳንባ ባዶ ፊኛ አይደለም፤ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ያሉት፣ ለስፖንጅ የሚቀርብ ነገር ነው። የጠርሙሱ ግድግዳ አይነቃነቅም፣ ጎድናችን ግን ይነቃነቃል። ድያፍራም ሲያርፍ እንደ ጉልላት ወደ ላይ ይጎብጣል፣ ሲስብ ይዘረጋል፤ ፊኛው ግን ወደ ታች ያብጣል። ይህንን ያልነገራችሁት ልጅ ሳንባ ማለት ፊኛ ነው ብሎ ስምንተኛ ክፍል ይደርሳል። ስለዚህ ዕጩዎቼ ከመሣሪያው ጋር አንድ ቁራጭ ወረቀት ያስረክባሉ፤ የሚዋሽበት ቦታ ተጽፎ። ከሁሉ የተሻሉት ውሸቱን ራሳቸው ልጆቹ እንዲፈልጉት ያደርጋሉ።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ስልሳ ናቸው። እነዚህ አዳዲስ ሰፈሮች ሰው ከትምህርት ቤት ቀድሞ ነው የሚገባባቸው። አንድ የሚያምር አባከስ (በሽቦ ላይ የተሰኩ የመቁጠሪያ ዶቃዎች) ይዞ ስልሳ ልጅ ፊት መቆም ማለት አንዱ ይነካል፣ ሃምሳ ዘጠኙ ያያሉ ማለት ነው። በዴስክ ሦስት ከሆኑ ሃያ ስብስብ ያስፈልጋል። ሃያ ጊዜ መስራት የማይቻል ነገር ለዚህ ክፍል አይሆንም፤ የመጀመሪያው ወንፊት ይሄ ነው። አሳላፊው ፕላስቲክ ያልፋል፣ ካርዱ ያልፋል፣ የሳንባው ሞዴል ደግሞ ሁለት ሦስት ተሰርቶ በዙር ይሄዳል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ማደል አምስት፣ መሰብሰብ አምስት ከፈጀ ሩቡ ሄደ። ቆርኪውን በሲባጎ የምንሰካው ለአስር ብቻ አይደለም፤ ልቅ ቆርኪ ይወድቃል፣ ይንከባለላል፣ ስልሳ ልጅ ዴስክ ስር ይገባል። ይህንን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም።

ስልክና ቪዲዮስ ለሚሉኝ፦ ካለ ጥሩ ነው፤ መብራት እስካልጠፋ። ስልሳ ልጅ በአንድ ስልክ መስታወት ላይ ሲንጠራራ ግን ያው ጆንያው ነው፣ ያነሰ ጆንያ።

ማርኩን እንዴት እሰጣለሁ? የመጀመሪያውን ረቂቅና ሁለተኛውን አንድ ላይ ያስረክባሉ። የመጀመሪያው የተጨማደደ፣ ምናልባትም የተቀደደ ይሆናል። በሁለቱ መሐል ምን እንደተለወጠና የትኛው ልጅ እንዳስለወጣቸው ይነግሩኛል። መጀመሪያውንም ሁለተኛውንም አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያመጣ ሰው ልጆቹ ጋ አልሄደም። ስዕል የማይችሉት ዕጩዎች በዚህ ዘዴ ፊታቸው ሲበራ አያለሁ፤ ስዕል የሚችሉት መጀመሪያ ላይ ቅር ይላቸዋል።

አንድ ነገር ቀርቷል፣ ቁልፉ። በብዙ ትምህርት ቤት የፔዳጎጂ ማዕከል የሚባል ክፍል አለ። መርጃ መሣሪያ የሚሰራበትና የሚቀመጥበት ነው። ሱፐርቪዥን ሲመጣ ይከፈታል፤ በተረፈው ቀን ቁልፉ ያለው ሰው ስብሰባ ነው፣ ወይ ሌላኛው ፈረቃ ላይ ነው። መምህሩ ሁለት ጊዜ ጠይቆ ሦስተኛ አይጠይቅም። ለዕጩዎቼ የምሰጠው ምክር አጭር ነው፤ መሣሪያችሁ ጫማ ካርቶን ውስጥ ካልገባና ክፍሉ ውስጥ ካልቀረ ሌላ አስቡ።

የዚያች የጆንያዋ ዕጩ ካርቶን መምህሩ ጠረጴዛ ስር ነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ስሄድ። ከፈትኩት። ካርዶቹ ጥግ ጥጋቸው አርጅቷል። ከሃያዎቹ የቆርኪ ገመዶች ሁለቱ የሉም። አንዱን እረፍት ላይ አየሁት፤ አንዲት ልጅ አንገቷ ላይ አስራው ሱዚ ትዘላለች። ቆርኪዎቹ ይንሿሿሉ።

«ስንት ነው የታሰረው?» አልኳት።

ሳታየው «አስር ነዋ» አለችኝና ዝላይዋን ቀጠለች።